ቆሎ ሻጯ ወደ መሃል ትግባ ወይስ ጥጓን ትያዝ?

ቡድናችን ውስጥ ሰው ሁሉ አንብቦ ዝም የሚልበት ሳምንት አለ። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይወረወርና ስልኩ ሲጮህ ያድራል። ሰሞኑን የሆነው እንደዚያ ነው። ክሩን (በዚያ ጥያቄ ሥር የተደረደሩትን መልሶች ማለቴ ነው) ላላገኛችሁት ሰዎች እንደተከታተልኩት ላውራችሁ። የመላሾቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ግማሹ ስድብ ነው።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አብዛኞቻችን የደብረ ማርቆስና የዙሪያው ልጆች ነን፤ ከቢቸና፣ ከቡሬ፣ ከደጀን፣ ከሞጣ። ቴሌግራም ላይ ተራ በተራ የወንጀል ምርመራ ታሪክ እንጽፋለን። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይረከባል። መርማሪው ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው። ቦታው የማርቆስ መናኸሪያና አካባቢው ነው። እስካሁን ስድስት ታሪክ ወጥቷል። በስድስቱም ውስጥ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ሻምበሉ እትዬ ይላታል። ቆሎ ይገዛታል፤ እሷ ስለ ዝናቡ ወይ ስለ መኪናው መዘግየት አንድ ነገር ትላለች፤ ከዚያ ታሪኩ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። በቃ።

የሰባተኛው ታሪክ ተረኛ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። የእሷ ረዘም ይላል፤ በክፍል በክፍል ነው የሚወጣው። እህል በረንዳ አካባቢ አንድ የጤፍ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። የዱቤ መዝገቡ ደግሞ የለም። ተጠርጣሪዎቹ ወንድሙ፣ ዘበኛው፣ ደላላውና ሚስቱ ናቸው።

ክሩን የከፈተችው እሷው ናት። እትዬን ከዳር አንስታ መሃል ልታስገባት አስባለች፤ ግን ፈርታለች። ቦታው በእርግጥ ይገባታል ወይስ አንባቢ ስለወደዳት ብቻ ነው የምናነሳት የሚል ነው ጥያቄዋ። እትዬ ምን ሆና እንደምትገባ ገና አልወሰነችም። መርማሪም፣ ምስክርም፣ ገዳይም ልትሆን ትችላለች። ክሩ የደራው በዚህ ይመስለኛል። ወስና ብትመጣ ኖሮ ሰዉ አዎ ወይ አይ ብሎ ይበተን ነበር።

1ኛው መላሽ ለመፍቀድ ደቂቃም አልፈጀበት። ታሪኮቹን ለእናቱ እያነበበ ነው የሚያሰማቸው። እሳቸው ከሻምበሉ በፊት የሚጠይቁት ስለ እትዬ ነው፤ ዛሬስ ቆሎዋ አለቀላት ወይ ይላሉ አሉ። ስለዚህ ይገባታል ባይ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ክርክር አይሆንም። የተወደደ ሁሉ ወደ መሃል ይምጣ ከተባለ የመናኸሪያው ውሻም ወረፋ ሊይዝ ነው።

2ኛዋ በትህትና ተቃወመች። እትዬ ቡና ላይ እንደምትጣል ጤና አዳም ናት አለች፤ አንድ ዘለላ ሲሆን ቡናውን ታጣፍጣለች፣ እቅፍ ሙሉ ከሆነች ግን ታመረዋለች። ይህቺ ጤና አዳም በኋላ ብዙ ጣጣ አመጣች።

3ኛው ሕግ ይዞ ከች አለ። ቫን ዳይን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1928 ለምርመራ ልብ ወለድ 20 ሕግ አውጥቶ ነበር። አንዱ ሕግ ጥፋተኛው የቤት አገልጋይ አይሁን ይላል። ያ በጣም ቀላል መውጫ ነው፤ ጥፋተኛው ሚዛን የሚደፋ፣ በተለመደው መንገድ የማይጠረጠር ሰው መሆን አለበት። 3ኛው ይህንን ይዞ ቆሎ ሻጭ ለዋና ቦታ አትበቃም ሲል ደመደመ። አጻጻፉ ትንሽ ንቀት ነበረው። ሆን ብሎ አይመስለኝም፤ ግን ነበረው።

4ኛዋ እዚህ ላይ ተነሳች። እሷ ስትቆጣ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ሚዛን የሚደፋው ማን እንደሆነ ማን ወሰነ አለች። ያ ሕግ የወጣው ትልልቅ ቤት ውስጥ ደወል ሲደወል ብቅ የሚሉ አሳላፊዎች ለነበሩበት ዓለም ነው። ማርቆስ መናኸሪያ ላይ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ፈልጉ ብትባሉ ማንን ታመጣላችሁ? ነጋዴውን ሁሉም ይጠረጥራል። ደላላውን ገና ሳይናገር ይጠረጥሩታል። ቆሎ ሻጯን ግን ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያያትም። እናም የ3ኛው ሕግ ራሱ በ3ኛው ላይ ይፈርዳል። እኔ ብሆን እዚህ ላይ እጄን እሰጥ ነበር። እሱ ግን ሳቅ የሚያሳይ ምልክት ልኮ ዝም አለ፤ ይባስ አናደዳት።

5ኛው ዋሸራ ቅኔ ቤት የቆየ፣ አሁን ሞጣ የሚያስተምር ሰው ነው። የኔታ እንለዋለን፤ ለቀልድም ለክብርም። እሱ ደግሞ ሮናልድ ኖክስን አመጣ። ኖክስ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚሁ ዓይነት ልብ ወለድ ዐሥር ትእዛዝ ጽፏል። የኔታ ቄስ ተቀምጦ የነፍስ ግድያ ሥርዓት መደንገጉ በጣም ነው የጣመው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጥፋተኛው ገና ከመነሻው የተጠቀሰ ሰው ይሁን፤ አንባቢው የውስጥ ሐሳቡን ሲከታተል የቆየው ሰው ግን አይሁን። እትዬ ከመጀመሪያው ታሪክ ጀምሮ አለች። ምን እንደምታስብ አንድ ቀን አልተነገረንም። ስለዚህ ሁለቱንም ታልፋለች። የማያልፈው ሻምበሉ ነው፤ እሱ ቁርሱን ሲበላ ያሰበው ሁሉ ተጽፏል።

6ኛው ከልብ ወለዱ መርማሪ ከሼርሎክ ሆልምስ ዓለም ሁለት ሰዎች መዘዘ። አንዱ ሞሪያርቲ ነው። ሰው ሁሉ የሆልምስ ዋና ጠላት ብሎ ያውቀዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1893 ብቅ ያለው ደራሲው ሆልምስን ገድሎ ሊገላገል ሲፈልግ ነው፤ ከዚያ በፊት አንባቢ ስሙንም አልሰማ። ሌላዋ አከራይዋ ሚስስ ሃድሰን ናት። ከታሪክ ወደ ታሪክ አለች፤ እንግዳ ታስገባለች፣ ምግብ ታቀርባለች። የራሷ የሆነ ጉዳይ ግን አልተሰጣትም። እንግዲህ ደጋግሞ መታየት ብቻውን ለማንም ዋና ቦታ አያሰጥም ነው የ6ኛው ነጥብ።

ጥሩ ነጥብ ነበር። ያበላሸው ራሱ ነው፤ ወዲያው እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣውን ታሪክ ጨመረበት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ አድፍጧል። ሆልምስ የራሱን የሰም ምስል መስኮቱ ላይ አስቀምጧል። ምስሉ ዝም ብሎ ከቆመ ይነቃበታል። ስለዚህ ሚስስ ሃድሰን በጉልበቷ እየዳኸች ትቀርብና በየ15 ደቂቃው ታዞረዋለች፤ የራሷ ጥላ መጋረጃው ላይ እንዳያርፍ እየተጠነቀቀች። በር ከፋቿ ሴትዮ ማለት ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው! ከዚህ በኋላ ትንሽ ቦታ ነው ያላት የሚል ካለ ይምጣ። 6ኛው ለተቃውሞ ያመጣውን ምሳሌ ደጋፊዎቹ ተሻምተው ወሰዱበት።

7ኛው የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን እ.ኤ.አ. የ1926 ልብ ወለድ አንስቶ ገዳዩ ማን እንደሆነ ዘረገፈው። እዚህ አልደግመውም። 8ኛዋ መጽሐፉን ገና መሃሉ ላይ ነበረች። የጻፈችውን አስተዳዳሪው አጠፋው። 9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የሆነው መጽሐፍ ምን ምስጢር አለው ብሎ ነገሩን አባባሰ። 8ኛዋ ቡድኑን ለቃ ወጣች። ማታ ተመለሰች።

10ኛዋ ክሩን ወደ ቦታው መለሰችው። እትዬ ሚስ ማርፕል ትሁንልን አለች። ማርፕል እ.ኤ.አ. በ1927 በክሪስቲ አጭር ታሪክ ብቅ ያለች አሮጊት ናት፤ የመጀመሪያ ሙሉ ልብ ወለዷ በ1930 ወጣ። ሹራቧን እየሠራች ታዳምጣለች፤ የሰማችውን ወንጀል ከመንደሯ ሰው ጠባይ ጋር አመሳስላ ትፈታዋለች። ሐሳቡ ያጓጓል፤ እኔ ግን አልገዛሁትም። ማርፕል የመጣችው ለዚያው ሥራ ነው። እትዬ በድንገት ሁሉን አዋቂ ከሆነች ሻምበሉ ምን ሊሠራ ነው? ቆሎ ሊሸጥ?

11ኛው መልስ ላይ ሁሉም ቆም አለ። የጻፉት ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ የቀድሞ ፖሊስ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ስለ እትዬ ከመናገራቸው በፊት የተናደዱት ስለ ሌላ ዘበኛ ነው። በአምስተኛው ታሪክ አንድ ዘበኛ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ወር ሙሉ ጣቢያ ይቀመጣል። ጸሐፊው እንደ ተራ ነገር ነው ያለፈው። ጋሼ አላለፉትም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ይላል። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ሻምበል የተባለ ሰው ይህን ካላወቀ ማዕረጉን ከየት አመጣው ሲሉ ጠየቁ። 12ኛው በወረቀቱና በመሬቱ መካከል ስላለው ርቀት ሊጀምር ሲል አስተዳዳሪው ለዚያ ሌላ ክር ክፈት አለው። አልከፈተም።

ወደ እትዬ ሲመጡ ጋሼ የባሱ ነበሩ። መናኸሪያ ላይ አንድ ነገር ሲፈጠር መርማሪ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሊስትሮው፣ ወደ ረዳቱና ወደ ቆሎ ሻጯ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ሻምበሉ ስድስት ጉዳይ አጣርቷል። እትዬ በር ላይ ተቀምጣለች። በስድስቱም ምን አየሽ ብሎ አልጠየቃትም። ቆሎዋን በልቶ ይሄዳል። ይገባታል አይገባትም ከማለታችሁ በፊት ሰውየው ለምን እንዳልጠየቃት መልሱልኝ አሉ።

የአምስተኛው ታሪክ ጸሐፊ ከፋው። 13ኛ ሆኖ ልብ ወለድ የጣቢያ መዝገብ አይደለም ብሎ መለሰ። ጋሼም በ14ኛው፣ በጣም ጨዋ በሆነ አነጋገር፣ እንግዲያው ሻምበልነቱን አውልቁለትና ልብስ ሰፊ አድርጉት አሉ። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው 15ኛው ነው፤ የቢቸና ልጅ። አያቱ ይነግሩት የነበረውን አመጣ። ድሮ ወንጀል ተሠርቶ ያደረገው ሰው ካልታወቀ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይጠራል። አውጫጭኝ ነው የሚባለው፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። የቀረ ይቀጣል። ያየ ሰው በራሱ ስም አይናገርም፤ ወፍ ነገረችኝ ይባላል። ጥፋተኛው ጭራሽ ካልተገኘ ሀገሬው አዋጥቶ የተበዳዩን ኪሳራ ይከፍላል። እና 15ኛው የሚለው፣ በዚያ ሜዳ ላይ ዋና ሰውና አጃቢ ሰው የለም። ቆሎ ሻጯም ባለርስቱም እኩል ፀሐይ ይመታቸዋል። ፈረንጅ ከሚያወጣው ሕግ ይልቅ የኛው ወግ ይበቃናል።

16ኛው ይህን ከሌባሻይ ጋር አምታታው። 17ኛዋ አረመችው። ሌባሻይ ሌላ ነው፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ይጠይቃል። (ሌባሻዩ ለሻምበላችን ጥሩ ረዳት ይወጣው ነበር፤ እሱም ሳይጠይቅ ነው የሚሄደው።) 17ኛዋ አንድ ነገርም አከለች። ታሪካችን ውስጥ ወፍ ትኑር ከተባለ ከእትዬ ሌላ ማን አለ?

18ኛውን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈችው ብዙም የማትናገር ልጅ ናት። ሌላው ሲጨቃጨቅ እሷ ስድስቱንም ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አንብባለች። እትዬ ያለችበትን መስመር ሁሉ ለቅማ አወጣች። በመጀመሪያው ታሪክ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። ማለዳ ነው፤ የአዲስ አበባው መኪና ሊወጣ ነው። እትዬ ገብሱንና ሽምብራውን በአረቄ መለኪያ ሰፍራ፣ መለኪያውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ትገለብጠዋለች። ወረቀቱ ቀይና ሰማያዊ ቋሚ መስመር አለው። ሻምበሉ ቆሎውን ሲጨርስ ወረቀቱን ጨምድዶ ይጥለዋል። ይኸው ነው። ስንቶቻችን አንብበን አለፍነው!

ቀይና ሰማያዊ ቋሚ መስመር ያለው ወረቀት የተማሪ ደብተር አይደለም። የሒሳብ መዝገብ ነው። አሁን ደግሞ መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ ሞቷል። 18ኛዋ ከዚህ በላይ አላለችም። ወረቀቱን ጠቁማ ወጣች።

ቡድኑ ተንጫጫ። ከዚያ የመጀመሪያው ታሪክ ጸሐፊ ራሱ መጣ፤ 19ኛ ነው። ስለ መዝገብ አንድም ሐሳብ እንዳልነበረው፣ መስመሩን የጻፈው ወረቀቱን ለማሳመር ብቻ እንደሆነ ተናገረ። እንኳን ሰባተኛው ታሪክ ሁለተኛው መኖሩንም አያውቅም ነበር። የኔታ ይህን ሲሰማ ቀዘቀዘ። በ20ኛው መልሱ ውስጠ ወይራን አነሳ። ውስጠ ወይራ ቅኔ ላይ ላዩን ሲሰሙት ራሱን የቻለ ንግግር ነው፤ ውስጡ ሌላ ነገር ተቀምጧል። ያን ነገር ግን ባለቅኔው ነው ያስቀመጠው። ሳያስበው የወጣ ነገር ቅኔ አይባልም፤ አጋጣሚ ነው። 21ኛዋ፣ ያቺው ተቆጪዋ 4ኛ፣ አንባቢ የጸሐፊውን ሆድ ከፍቶ አያይም ብላ መለሰች። ወረቀቱ ገጹ ላይ አለ፤ ካለ አለ። በዚህ አንድ ጊዜ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ስድስት ሰው ተራ በተራ የጻፈው ታሪክ ላይ የማን ሐሳብ ነው የሚፈለገው?

ከ22 እስከ 29 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው። ጤና አዳም ቡና ላይ ይገባል አይገባም የሚለው ብቻ አራት መልስ በላ። አንዱ ከቡናው ጋር ጨው ጨመረበት፤ ተሰደበ። አንዱ ቆሎ ውስጥ ሱፍ የሌለበት ቆሎ ቆሎ አይደለም አለ። ሌላው ከተማዋን በድሮ ስሟ መንቆረር እያልን እንጻፍ ብሎ ስለ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ቆርቋሪነት ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ቦታው ግን አልነበረም። ከዚህ ሁሉ መሃል 26ኛው ብቻ ፍሬ ነበረው። የዲማና የማንኩሳ አገር ሰዎች ሆነን ጉዱ ካሳን እንዴት እንረሳለን አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ሰው በዛብህና ሰብለ ወንጌልን ያነሳል። ክርክር ሲመጣ ግን የሚጠቀሰው እሱ ነው። ዋናው የፍቅር ነገር የእሱ አይደለም፤ ግን በገባ ቁጥር የሚናገረው አለው። እትዬ ግን እስካሁን የራሷ የሆነ ምን ተናገረች? ስለ ዝናብ።

30ኛዋ ከቡሬ ናት። እሷ ከጻፈች በኋላ ቀልዱ ቆመ። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር መናኸሪያ ላይ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ሻጭ ፊት አያይም አለች፤ እጅ ነው የሚያየው። ሻንጣ ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰውን ታውቀዋለህ። ሒሳብ ሳይከራከር፣ መልሱን ሳይጠብቅ የሚሄደውንም ታውቀዋለህ። ረዳቶቹ የሚሳደቡት ማንን እንደሆነ፣ የትኛው ሾፌር ከየትኛዋ ሻይ ቤት እንደሚወጣ ሁሉ ታውቃለህ። ግን ማንም አይጠይቅህም፤ አንተም አትናገርም፤ ነገ እዚያው ቦታ ላይ ነህና። እናቷ አንድ ነገር አይታ ዝም ያለችበት ቀን እንደነበር ጻፈች፤ ምን እንደሆነ አልነገረችንም።

ቀጥላ የ18ኛዋን ግኝት አፈረሰችው። በእርጋታ ነበር። የቆሎ መጠቅለያ ወረቀት በኪሎ ይገዛል። የተማሪ ደብተር አለው፣ የድሮ ፈተና አለው፣ ከቢሮ የወጣ ፎርም አለው፣ የነጋዴ አሮጌ መዝገብም አለው። እናቷ በሰው የፈተና ወረቀት ስትጠቀልል ውጤቱን እያዩ ይስቁ ነበር። ስለዚህ ቀይና ሰማያዊ መስመር ብቻውን እትዬን ከነጋዴው ጋር አያገናኝም።

31ኛው እዚህ ላይ ጥሩ ነገር ያዘ። መዝገቡ በኪሎ ከተሸጠ የሸጠው ሰው አለ። ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን ዕዳው ሳይከፈል አይሸጥም። ከቤቱ ሰው አንዱ ሉክ በሉክ እያወጣ ሲሸጥ ነበር ማለት ነው፤ ነጋዴው ከመሞቱ ብዙ ቀደም ብሎ። እትዬም ያንን ሰው ታውቀዋለች። 32ኛው ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሴትዮዋ ማንበብ አትችል አለ። በአራተኛው ታሪክ ላይ ከልጇ የመጣ ደብዳቤ ለሻምበሉ ሰጥታ አስነብባዋለችና።

33ኛዋ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። እትዬ ስልሳ እንዳለፋት ሁለተኛው ታሪክ ላይ መጻፉን አስታወሱ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ያን ጊዜ እትዬ ኮረዳ ነበረች። መምህርቷ ራሳቸው በዚያ ዘመቻ አስተምረዋል፤ ቀን እንጨት ለቅመው ማታ በኩራዝ ፊደል የሚቆጥሩ የእሷ እኩዮች ነበሩ። ቆሎ ስለሸጠች ብቻ ፊደል አታውቅም ማለት ያሳፍራል ብለው 32ኛውን ገሠጹት። እሱም ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚህ ክር ውስጥ ብቸኛው ይቅርታ ነው።

እንግዲህ ማንበብ የምትችል ከሆነ ደብዳቤውን ለምን አስነበበች? ለእኔ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የተፈታው። እትዬ መሃል መግባት የሚገባት ስድስት ጊዜ ስለታየች አይደለም፤ እናቶች ስለወደዷትም አይደለም። የምትደብቀው ነገር ስላላት ነው። ተጠርጣሪዎቹን አራቱን እዩዋቸው። ወንድሙ ይዋሻል ብለን ነው የምንጀምረው። ደላላውም እንደዚያው። ሲዋሹ ቢያዙ ማን ይደነግጣል? እትዬ አንድ ጊዜ ብትዋሽ ግን ስድስቱንም ታሪክ ተመልሰን ማንበብ ሊኖርብን ነው። ለዚያ ደግሞ ገዳይ መሆን አይጠበቅባትም። ገዳይ ካደረግናት እንዲያውም ነገሩ ይረክሳል፤ 3ኛው የፈራው ቀላል መውጫ ያኔ ይመጣል።

34ኛዋ፣ የቡሬዋ፣ የሚያስጠነቅቅ ነገር ጣል አደረገች። ሰው ማንበብ እየቻለ አንብቡልኝ የሚለው ለተንኮል ብቻ አይደለም። ዓይኗ ደክሞ ይሆናል። ወይም ደብዳቤውን ብቻዋን ለማንበብ ፈርታ ይሆናል። ልክ ናት። ጸሐፊዋ ይህን ካልተጠነቀቀች እትዬ ተንኮለኛ አሮጊት ሆና ትቀራለች።

35ኛው የከፋቿ ውሳኔ ነው። እትዬ መሃል ትገባለች። አትገድልም፤ አትመረምርም። ማንበብ ትችላለች፤ መዝገቡን ከመጠቅለሏ በፊት ሉክ በሉክ አንብባዋለች። ማን ስንት ኩንታል ጤፍ በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ሳይከፍል እንደተሰረዘለት ታውቃለች። ሻምበሉ በመጨረሻ ምን አየሽ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም አላየሁም ትለዋለች። ዝም ያለችበት ምክንያት ልጇ ነው፤ ለነጋዴው ዕዳ አለበት።

እስከ ልጇ ድረስ ተስማምቻለሁ። የልጅ ዕዳ ግን ታክቶኛል። የኛ ልብ ወለድ ውስጥ እናት ባጠፋች ቁጥር ከኋላዋ ልጅ ይቆማል። ለገንዘብ ብላ ዝም ብትልስ? ወይም ነጋዴውን ስለምትጠላው? 36ኛ ሆኜ ይህንኑ ጻፍኩ። አራት ሰው ተቃወመኝ፤ አንዱ እናት የለህም ወይ አለኝ። ከፋቿ አስብበታለሁ ብላለች፤ ማለትም አትቀይረውም።

የመጨረሻው መልስ የጋሼ ነው። ውሳኔው ጥሩ ነው አሉ። እትዬ ግን ለምስክርነትም ሆነ በጥርጣሬ ጣቢያ የምትወሰድ ከሆነ ሰዓቱ በደንብ ይቆጠር፤ ቆሎዋንና ወንበሯን እስክትመለስ ማን እንደሚጠብቅላትም ይጻፍ። ሊስትሮው ይጠብቅላት የሚል ሐሳብ ከ8ኛዋ መጥቷል። ጋሼ ሊስትሮውንም ሻምበሉ እንዲጠይቀው ይፈልጋሉ።